ያልጮኸው ጡሩምባ

ሬሳው ከወደቡ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። የደንገል ምንጣፍ አልብሰውታል፤ ምንጣፉ አጭር ስለሆነ ግን እግሮቹ ውጭ ቀርተዋል። በባሕር ዳር ወደብ ክንዱን የማያውቅ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ታንኳ እየቀዘፈ እንጨት ሲያመላልስ የኖረ ሽማግሌ ነው። አጠገቡ የታንኳው ስባሪ ወድቋል፤ ወገቡ ላይ ለሁለት የተቆረጠ፣ ውኃ ጠጥቶ የከበደ የደንገል ነዶ።

መቶ አለቃ ተክለ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን መረመረ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ግራ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። ወደዚህ ከመዛወሩ በፊት ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ ፖሊስ ነበር፤ ጆሮውን የወሰደበትም የባቡር ጡሩምባ ነው ይባላል። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጆሮውን ስለሚያስቀድም ፊቱን ወደ ሌላ ያዞረ ይመስላል። ብዙ ነገር የሚያየውም ያን ጊዜ ነው።

«ከጎኑ ነው የተመታው» አለ።

«ከጎኑም ተመታ ከፊቱ፣ ሞቷል» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር አስማማው። ካኪ ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። «ነጂው ጡሩምባ አልነፋሁም ብሎ አምኗል። ጭነቱ የመንግሥት፣ ጀልባው የማኅበር። ይኼ አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። እስከ ማታ ሪፖርቱን ስጠኝና ልጁን ወደ ላይ እናስተላልፈው።»

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ተመልሶ ሲመጣ በዚያ ዓመት ያየ አልነበረም። መቶ አለቃው ሐይቁን አየ። ጉሙ አሁን ተነሥቷል። ማለዳ ግን ከውኃው ላይ ተኝቶ ነበር። ከዘጌ ገበያተኛ ጭኖ፣ ሁለት ሞተር የሌላቸው የእንጨት ጀልባዎች ከኋላው በገመድ እየጎተተ የሚመጣው ሞተር ጀልባ፣ ታንኳዎች ከደንገሉ ወጥተው መንገዱን ከሚያቋርጡበት ቦታ ሲደርስ ክንዱን ከነታንኳው ቆርጦት አለፈ። ጀልባው እዚያ ቦታ ከመድረሱ አስቀድሞ ጡሩምባ መንፋት ግዴታው ነው።

«ሽማግሌውንስ ታውቀው ነበር?» አለ መቶ አለቃው።

«በደንብ እንጂ! ከብሔራዊ ውትድርና የሚሸሹትን በታንኳው ወደ ደሴቶቹ ያሻግራል ይሉታል። በዐይኔ አላየሁም እንጂ አልምረውም ነበር። ለሱ የሚሆን እንባ የለኝም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርህ?»

አስማማው ሳቀ። «እኔንም ትጠረጥራለህ? እዚህ ዳገቱ ላይ፣ የቀበሌው ጥበቃዎች ጋ። ጡሩምባውን ስንሰማ ነው ሁልጊዜ ወደ ወደቡ የምንወርደው። የዛሬውን ግን ሰምተን ስንወርድ ሰው ሞቶ ጠበቀን።»

መቶ አለቃው ቀና አለ። «ሰምታችሁ?»

«አዎ። ከጩኸቱ በኋላ።»

ነጂው በወደቡ መጋዘን ውስጥ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። አምሐ ይባላል። ሪዙ ገና እያቆጠቆጠ ነው። ሟቹ ክንዱ የክርስትና አባቱ ነበር።

«ረሳሁት» አለ ሳይጠየቅ። «ጡሩምባውን ረሳሁት፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ስንት ጊዜ በዚያ ቦታ አልፈሃል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ስንት ጊዜስ ረስተሃል?»

መቶ አለቃው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ዐይኑን ግን ወደ ታሰሩት እጆች ጣለ። የጀልባ ነጂ ጥፍር ሁልጊዜ የሞተር ዘይት ነው፤ ጥቁር ነው። የአምሐ ግን በጥቁሩ ላይ ሌላ ነገር ደርቦ ነበር፤ ቢጫ፣ ሙጫ የመሰለ።

«ጌታዬ» አለ አምሐ፣ «እናቴ ዘጌ ናት። ሰምታ ትመጣለች። እንዳያናግሯት። ልቧ ደካማ ነው፤ ምንም አታውቅም።»

«ምንም የማታውቅ ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ነፊሳ ከጀልባው ተሳፋሪዎች አንዷ ናት፤ ድርና ማግ፣ ባዘቶ ጥጥ የምትነግድ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት። ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ወላሂ፣ ከፊት ነበርሁ! ከጆንያዎቼ ንቅንቅ አላልሁም። ጉሙ ዐይን አይከፍትም። ዞር ስል ልጁ ገመዱን ይጎትታል።»

«የቱን ገመድ?»

«ከራሱ በላይ ያለውን ነዋ! እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደጋግሞ ይጎትታል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ምን ነካው አልሁ። ከዚያ ከላያችን እፍፍ… የሚል ነገር፣ ልክ እንደ በሬ ትንፋሽ። ከዚያማ… ያን ድምፅ አላነሣውም። ደንገሉ ሲቀደድ ጨርቅ ነው የሚመስለው።»

«ጡሩምባውስ?»

«ጡሩምባውማ ኋላ ጮኸ፤ ሰው ከሞተ በኋላ። እኔም አሁን ምን ሊሠራ አልሁ።»

ሞተረኛው አዘዘ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ዛሬ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበታል። ልብሱ አሁንም እርጥብ ነው፤ ሽማግሌውን ከውኃ ያወጣው እሱ ነበር።

«ከአምሐ ጋር ትጣላላችሁ ይላሉ» አለ መቶ አለቃው።

«መሪውን እኔ ልያዝ እላለሁ፤ እሱ ደግሞ አንተ ከያዝህ ጀልባው በክብደትህ ይሰጥማል ይለኛል። ይኼ ጠብ ከሆነ ከሚስቴም ጋር ተጣልቻለሁ።»

«ጡሩምባው ደህና ነበር?»

«ትናንት ወደ ዘጌ ስንሄድ ሰማዩን ሲቀደው ነበር። ጀልባው እዚያ አደረ። ጠዋት ከዘጌ ስንነሣ ግን አንነፋም፤ ኪዳን እየደረሰ ነው፣ አባቶች ይቆጣሉ። መጀመሪያ የምንነፋው እዚህ ደንገሉ ጋ ነው።»

«ማታ ጀልባው ላይ ማን ወጣ?»

«ማንም። የአምሐ እናት የብርጓል ብቻ፣ ራት ይዛልን መጣች። ሁልጊዜ ታመጣልናለች። ስንበላ እሷ ጀልባውን ጠርጋ፣ ጣሪያውን ሳይቀር ወልውላልን ሄደች። ደግ ሴት ናት። ባለፈው ገበያ ገመድ ወርዋሪያችንን ጥበቃዎቹ ከዚህ ወደብ ለውትድርና አፍሰው ከወሰዱት ወዲህ ግን እንቅልፍ የላትም መሰለኝ።»

መቶ አለቃው ከነጂው ክፍል ጣሪያ ላይ ወጣ። ጡሩምባው አፉን ወደ ፊት ከፍቶ ተቀምጧል። ጣቱን ወደ ጉሮሮው ሰደደና አወጣው። ጣቱ ላይ ክር የመሰለች ነጭ ጥጥ ተለጥፋለች። አሸተታት። ማር ማር ትላለች።

እዚያው ተቀምጦ ቆየ። ከታች አዘዘ «ምን አገኙ?» ሲለው በማይሰማው ጆሮው በኩል ስለነበረ አልመለሰለትም። ወይም አልሰማሁም ማለት ፈልጎ ይሆናል።

የሟቹን ሚስት ሰገነትን ከሬሳው ራስጌ አገኛት። ማልቀስ አቁማ የባሏን እግር በነጠላዋ ጫፍ ለመሸፈን ትሞክራለች።

«ክንዱ ጉም ሲሆን እንዴት ነበር የሚያቋርጠው?» አላት።

«ከደንገሉ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፣ አባቴ። ጡሩምባው ከጮኸ ጀልባው እስኪያልፍ አይነቃነቅም። ካልጮኸ ገና ነው ይልና ይቀዝፋል። ሰው በሰው ይታመን የለ? እሱ በጡሩምባው ይታመን ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ከባሕሩ ዳር ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ጡሩምባው ከዚያ በኋላ ነው።» ዐይኗን አነሣች። «ልጁን አይግደሉብኝ። እናቱ አበልጄ ናት። አምሐን ክርስትና ሲነሣ ያቀፈው ይኼ የተጋደመው ነው።»

ቀትር ሲሆን የብርጓል በሌላ ጀልባ መጣች። ለልጇ ስንቅ ይዛለች፤ ጋቢም ይዛለች፣ እስር ቤት ይበርዳል ብላ። ይህች ሴት ክፉ ክፉውን ስታስብ የኖረች ናት። ልጇ ሲዋኝ መስጠሙን፣ ሲያስለው መሞቱን፣ ሲዘገይ መታፈሱን አስቀድማ ታያለች። ቤቷ ውስጥ ለልጇ ያልተለቀሰ ሞት የለም። አሁን የደረሰውን ግን አላሰበችውም ነበር።

«ጌታዬ፣ ልጄ ጡሩምባ የሚረሳ አይደለም። ከሕፃንነቱ ያችን ጡሩምባ ይወዳታል።»

«ታዲያ ለምን ረሳሁ ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ አልረሳም።»

«እንዴት አወቁ፣ እናቴ?»

ስንቁን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ላይ በትኩስ ነገር የተለበለበ ጠባሳ አለ፤ በጠባሳው መካከል ቢጫ ነገር ደርቋል።

«ኑሮዎ በምንድን ነው?»

«ጧፍ እሠራለሁ። ለቤተ ክርስቲያን።»

መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። ዝም ካለ ልጁ ወደ ላይ ይተላለፋል፤ ከተናገረ ይህች ሴት ትታሰራለች። ሦስተኛ መንገድ ፈለገ፤ አላገኘም። ሁሉም ጀልባው ላይ እንዲሰበሰቡ አዘዘ።

ተሰበሰቡ። አስማማው ብቻውን ወንበር ላይ ተቀመጠ። አምሐን እጁን እንደታሰረ አመጡት፤ እናቱ ልትይዘው ስትል ጥበቃው በክርኑ መለሳት። ነፊሳ ከጆንያዋ አንድ እፍኝ ባዘቶ እንድታመጣ ታዝዛ ነበር፤ ያዘችው፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። አዘዘና ሰገነት ከኋላ ቆሙ።

«ባቡር የመኪና መንገድ ሲያቋርጥ ለምን እንደሚጮኽ የሚያውቅ አለ?» አለ መቶ አለቃው።

«እዚህ አገር ባቡር የት አለ?» አለ አስማማው።

«ድሬዳዋ አለ። እዚያ ሳለሁ አንድ አህያ ነጂ ይህንኑ ጠየቀኝ። መንገዱን ልቀቁልኝ የሚል ትዕቢት ይመስለው ነበር። ትዕቢት አይደለም። ባቡር ከባድ ነው፤ ሰውን አይቶ ፍሬን ቢይዝ የሚቆመው ሰውየውን ካለፈ በኋላ ነው። ዞር ልበል ቢል ሐዲዱ አይለቀውም። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና ሩቅ ሳለ መናገር፣ እስኪያልፍም ድረስ ዝም አለማለት። ጡሩምባ የሚነፋው መቆም የማይችለው ነው። መቆም የሚችለው ሌላው እንዲቆምለት።»

ወደ ኋላ፣ ወደ ተጎታቾቹ ጠቆመ።

«ይህም ጀልባ እነዚህን እየጎተተ ባቡር ነው። ክንዱ ይህን ያውቅ ነበር። ጉም ሲሆን ጡሩምባውን ካልሰማ አያምንም፤ ከሰማ አይቀዝፍም። ዛሬ ወጣ። ታንኳው ከጎኑ ነው የተመታው፤ መሸሽ እንኳ አልጀመረም። ስለዚህ አልሰማም።»

«ይኸው! አልነፋም ማለት ነው» አለ አስማማው።

«ነፋ። ነፊሳ ገመዱን ደጋግሞ ሲጎትት አይታዋለች። ረስቼ ነበር የሚለው ውሸቱን ነው።»

«እውነቴን ነው!» ብሎ ጮኸ አምሐ።

«ዝም በል፣ ልጄ። ገመዱ ሲጎተት የወጣው እንደ በሬ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ነው። ከአደጋው በኋላ ግን ጡሩምባው በደንብ ጮኸ፤ ሰገነትም ጓድ አስማማውም ሰምተዋል። የታመመ ጡሩምባ በራሱ አይድንም። አንድ ነገር ነበረበት፤ ያ ነገር ተነሣለት።»

ባዘቶውን ከነፊሳ እጅ ወሰደ። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጡሩምባው ጉሮሮ ውስጥ ጠቀጠቀው። ወርዶ ገመዱን ጎተተ።

እፍፍፍ… አለ።

«እሱ ነው!» አለች ነፊሳ አፏን ይዛ። «ወላሂ እሱ ነው!»

ውታፉን አወጣና እንደገና ጎተተ። ጡሩምባው ሐይቁን አናወጠው፤ ከደንገሉ ውስጥ ወፎች ተነሡ። ድምፁ ሳይበርድ ከላይ፣ ከዳገቱ፣ የሚሮጥ እግር ተሰማ። የቀሩት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን እንደያዙ ወደ ወደቡ እየወረዱ ነበር።

«እናንተን ማን ጠራችሁ?» አላቸው መቶ አለቃው።

«ጡሩምባው!» አለ አንደኛው እያለከለከ። «ጀልባ የገባ መስሎን።»



«አያችሁ?» አለ መቶ አለቃው። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ይህ ጡሩምባ ሁለት ሰሚ አለው። ደንገሉ ውስጥ ታንኳ የያዘው፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ወጣት የሚጠብቀው። የወተፈው ሰው ክንዱን አላሰበም። ያሰበው ዳገቱን ነው። ጀልባው ሳይሰማ እንዲገባ፣ ሳይሰማ እንዲወጣ ነው የፈለገው።»

«ማን ነው?» አለ አስማማው ከወንበሩ ተነሥቶ።

«አንተ አይደለህም፤ ጡሩምባው ለአንተ ይጮኽልሃል እንጂ ዝም እንዲል አትፈልግም። አዘዘም አይደለም፤ ሞተረኛ ጡሩምባ ዝም ማሰኘት ቢፈልግ የአየር ቧንቧዋን ፈታ አድርጎ ይተዋታል፣ ቢወትፍም በዘይት ጨርቅ ነው። የነፊሳ ጥጥ ጠዋት ነው የተጫነው፤ እሷም ከፊት አልተነሣችም። ደግሞ ጡሩምባው ውስጥ ያገኘሁት እንዲሁ ጥጥ አይደለም። ሰም ጠጥቷል። ያው ሰም አምሐ ጥፍር ሥር አለ፤ ስለዚህ ከአደጋው በኋላ ውታፉን ያወጣው እሱ ነው። አውጥቶ አየው። አይቶም አወቀው። ተወትፎ ነበር ቢል ነፃ ይወጣ ነበር። ግን ቀጥሎ ማን ወተፈው ይባላል። ስለዚህ ረሳሁ አለ። ሰው በገዛ እጁ አንገቱን የሚሰጥለት ሰው ብዙ የለውም።»

ወደ የብርጓል አላየም። ማየት አላስፈለገውም።

«እኔ ነኝ የወተፍሁት!» አለ አምሐ። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«አንተማ ገመዱን እየደጋገምህ ጎተትህ። ራሱ የወተፈ አይጎትትም።»

የብርጓል ስንቁን ጀልባው ወለል ላይ አስቀመጠች። በጥንቃቄ ነው ያስቀመጠችው፣ እንዳይደፋ።

«ማታ ስጠርግ ነው» አለች። «ባለፈው ገበያ ያን ልጅ ከአጠገቡ ወሰዱት። ዛሬ እሱን ይወስዱብኛል አልሁ። ጀልባዋ ዝም ብላ ብትገባ፣ ዝም ብላ ብትወጣ… ለአንድ ገበያ ብቻ። ለእሱ አልነገርሁትም፤ ብነግረው እሺ አይለኝም። ደንገሉን አላሰብሁትም። ሌት ተቀን ክፉ ሳስብ እኖራለሁ፣ ይኼን አላሰብሁትም።»

ሰገነት ወደ እሷ ሄደች። የምትመታት የመሰላቸው ነበሩ። ፊት ለፊቷ ቆማ ግን አየቻት።

«አበልጄ» አለች፣ «ለእኔ መልእክት ብትልኪ ምን ነበረበት? ዛሬ ጡሩምባ የለም ብትዪኝ፣ እኔም ባሌን አላስቀረውም?»

ሰገነት ተመልሳ ወደ ሬሳው ወረደች።

አስማማው ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም ሥራ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ሴትዮዋ ትታሰር። ልጁን ፍቱት።» ገመዱ ተፈታ። አምሐ አንጓውን እያሸ ወደ እናቱ ሲራመድ፣ ሊቀመንበሩ ትከሻውን ያዘው። «ነፃ ነህ። ዕድሜህ ስንት ነው?»

ጥበቃዎቹ ቀድመው ገባቸው፤ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ምስክሬ ነው» አለ መቶ አለቃው። «ለክሱ ያስፈልገኛል።»

«ምስክርነቱንማ እዚህ ሁላችን ፊት ሰጥቷል። አሁን ደግሞ አገር ይፈልገዋል።»

እስረኛ ቢሆን ኖሮ ልጁ በመቶ አለቃው እጅ በቆየ ነበር። ነፃ ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስትጠጋ የብርጓል በፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ክፍሉ ሙሉ ስለነበረ እዚያ አስቀመጧት። ያን ጋቢ አልለበሰችውም፤ አጥፋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። መቶ አለቃው ከበሩ ላይ ቆሟል።

«እነዚያ የሚሄዱበት ቦታ ይበርዳል?» አለችው።

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«ጋቢውን ያደርሱልኛል?»

«ሰው ልኬ ነበር። አላስጠጉትም።»

ቆይታ እንዲህ አለች፦

«ቅድም ስለ ባቡሩ የነገሩን… እሱ መቆም አይችልም አሉ። ሰውየው ይነሣለት አሉ።»

«አዎ።»

«ተነሥቶ የሚሄድበት የሌለውስ?»

መቶ አለቃው በዚያ ሁሉ ዓመት ድሬዳዋ ሲኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ከገበያው በኩል ወታደር የሚያጓጉዝ ኦራል መኪና መጣ። በሸራ ተሸፍኗል፤ ከኋላው የተደራረቡ ወጣቶች ራስ ብቻ ይታያል፣ የማን ራስ የማን እንደሆነ አይለይም። የገበያው ሰው ወደ ቤቱ ለመግባት መስቀለኛውን መንገድ ሞልቶት ነበር። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ገና ሩቅ ሳለ ጡሩምባውን ነፋ፤ መስቀለኛውን እስኪያልፍም አላቋረጠም። ሰዉ ሁሉ አህያውን እየጎተተ፣ ልጁን እያነሣ፣ ግራና ቀኝ ተነሣለት።

መቶ አለቃው የማይሰማውን ጆሮውን ወደ መንገዱ አዞረ።

የብርጓል ግን ጋቢውን ደረቷ ላይ ይዛ ተነሥታ ቆማ ነበር። «ይኼስ ይነፋል» አለች፤ «ይኼስ ይነፋል።»